ስታኮርፉ የምትመለሱበትን ሰዓት ተናገሩ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የፍቅርና የትዳር ገጽ ላይ አንባቢ ችግሩን ጽፎ ሲልክ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ ቃል ያዘነብላል፦ ቻል፣ ቻይ። ሆደ ሰፊ ሁኚ፣ ዋጥ አድርገው፣ ጊዜ ያበርደዋል። ምክሩ ከመልካም ልብ እንደሚመጣ አንጠራጠርም፤ ያደግንበትም ነው። ነገር ግን እኛ ሐዋሳ ውስጥ ጥንዶችን በማማከር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን፤ ከሥራችን ብዙውን ጊዜ የሚወስደው ደግሞ ይኸው ምክር ያጠራቀመውን መፍታት ነው። የተዋጠ ነገር አይጠፋም። ዓመት ቆይቶ በሌላ ስም ይወጣል፤ በወጥ ጨው፣ በዘመድ ሠርግ፣ በስልክ ቻርጀር።

እግርና እግርም ይጋጫል። ጽኑ የምንላቸው ጥንዶች ከሌላው ያነሰ የሚጣሉ አይደሉም፤ ከጠቡ በኋላ የሚመለሱበት የታወቀ መንገድ ያላቸው ናቸው። መንገዱ ደግሞ የሚሠራው ሰላም በሆነ ቀን ነው። ደም በፈላበት ሰዓት ማንም መንገድ አይቀይስም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን ከባልደረባው ከሮበርት ሌቨንሰን ጋር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ባለትዳሮች ሲከራከሩ በቪዲዮ እየቀረጸ፣ የልብ ምታቸውን በመሣሪያ እየለካ፣ ከዓመታት በኋላም አብረው መሆናቸውን እየተከታተለ አጥንቷል። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ "ጊዜ ይፈታዋል" ለሚሉ አይመችም፤ ጥንዶች ከሚጨቃጨቁባቸው ጉዳዮች 69 በመቶ ያህሉ ተፈትተው የሚያልቁ አይደሉም። አንዱ ቆጣቢ ነው፣ የሌላዋ እጅ ለዘመድ የተዘረጋ ነው። አንዷ እንግዳ ይመጣል ስትባል ደስ ይላታል፣ ሌላው በሩ ሲንኳኳ ይጨንቀዋል። ከጸባይና ከአስተዳደግ የመጣ ስለሆነ በ5 ዓመትም በ20 ዓመትም እዚያው አለ። ተደስተው የሚኖሩትም ይህንኑ ተሸክመው ነው የሚኖሩት፤ ጉዳዩን ሲያነሱት ግን አይዋረዱበትም።

ጎትማን ትዳርን የሚያፈርሱ ያላቸው ጠባዮች አራት ናቸው፦ ነቀፋ፣ ንቀት፣ ራስን መከላከል፣ ግድግዳ ሆኖ ዝም ማለት። ሁለቱ በእኛ ቤት የራሳቸው ስም አላቸው። ንቀቱ አሽሙር ነው። "አንዳንድ ሰው እኮ ባል አለኝ ይላል" ተብሎ ለድስቱ ይነገራል፤ ግልምጫ ይከተላል። ጎትማን ከአራቱ መለያየትን አብልጦ የሚጠቁመው ንቀት ነው ይላል። አማርኛ ለዚህ የተመቸ መሆኑ ጉዳችን ነው፤ ሰምና ወርቅ ለቅኔ ያማረውን ያህል ለወጥ ቤት ጠብ አይሆንም። የተወጋው ሰው መልስ እንኳ የለውም፤ "እኔ ስለ አንተ አወራሁ?" ተብሎ ይካዳል።

ግድግዳ መሆን ያልነው ደግሞ ኩርፊያ ነው። ከሁሉም በላይ በቻይነት ስም የሚሸፈነው እሱ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ከውጭ ሲያዩት ያኮረፈ ሰው የተረጋጋ ይመስላል። "ዝምታ ወርቅ ነው" እያልን ስላደግን "እኔ እኮ አልመለስኩላትም" የሚለው ሰው ራሱን እንደ ታጋሽ ይቆጥራል። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ሰው በጠብ መሀል የልብ ምቱ በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉት የጭንቀት ሆርሞኖች ሰውነቱን ያጥለቀልቁታል። ጆሮው የሚሰማው ስድቡን ብቻ ይሆናል፣ ቀልድ አይገባውም፣ የሰማውን መልሶ መናገር ይቸግረዋል። በዚያ ሰዓት "መልስልኝ እንጂ!" ማለት ውኃ ውስጥ የሰጠመን ሰው ዘፈን እንደ መጠየቅ ነው። ዝም ያለው ንቆ ሳይሆን አእምሮው ስለተዘጋ ሊሆን ይችላል። በጎትማን ጥናት ግድግዳ ከሆኑት 85 በመቶ ያህሉ ወንዶች ነበሩ። እዚህ ኩርፊያ የሴት ነው ይባላል፤ የወንዱ ኩርፊያ "ሥራ በዝቶበት ነው" ተብሎ ስሙ ስለሚለወጥለት ይመስለናል።

በሌላው ወገን ያለው ሰው ደግሞ ዝምታውን የሚተረጉመው እንደ መተው ነው። ስለዚህ ይከተላል። ከሳሎን መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ግቢ፤ በአንድ ሌሊት 17 ጊዜ ይደውላል። የተከተሉት ሰው ይበልጥ ይሸሻል፣ የሸሹት ሰው ይበልጥ ያሳድዳል። ሁለቱም የሚያደርጉት ከፍርሃት ነው፤ አንዱ እንዳይዋጥ፣ ሌላው እንዳይተው። ይህን ዙር ማን እንደጀመረው መፈለግ ትርፍ የለውም። ማቆም ግን ይቻላል።

ማቆሚያው ኩርፊያን ወደ ዕረፍት መለወጥ ነው። ሁለቱንም የሚለያቸው ሰዓት ነው። ያኮረፈ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይናገርም፤ ዕረፍት የወሰደ ይናገራል። በሰላሙ ቀን ተቀምጣችሁ የምትስማሙበት ዓረፍተ ነገር ይህን የመሰለ ነው፦ "አሁን ልቤ እየመታ ነው፣ ብናገር ይበላሻል። ወጣ ብዬ 3 ሰዓት ተኩል ላይ እመለሳለሁ፣ ያኔ እንጨርሰዋለን።" ሦስቱም ክፍሎች አስፈላጊ ናቸው፦ ምን እንደሆንኩ፣ መቼ እንደምመለስ፣ ጉዳዩን እንዳልተውኩት። ሁለተኛውን የዘለለ ሰው በሌላው ጆሮ ጥሎ ሄዷል ማለት ነው። ሦስተኛውን የዘለለ ነገሩን ቀብሯል ማለት ነው። "በቃ ተይኝ" ከሦስቱ አንዱንም አልያዘም።

መቼ ነው ዕረፍት የሚጠየቀው? የእጅ አንጓ ላይ ከአውራ ጣት ሥር ሁለት ጣት አድርጋችሁ ለ15 ሴኮንድ ቁጠሩና በ4 አባዙ። 25 ከቆጠራችሁ 100 ደርሳችኋል፤ ያን ጊዜ ቁሙ። ስፖርት አዘውትሮ የሚሠራ ሰው ልቡ በተፈጥሮ ዝግ ያለ ስለሆነ ከ80 ጀምሮ ቢቆም ይሻላል። በጠብ መሀል ጣት አንጓ ላይ ማስቀመጥ መጀመሪያ ያስቃል። ቢያስቅ ምን ክፋት አለው?

የዕረፍቱ ርዝመት ከ20 ደቂቃ አያንስም፤ ሰውነት የረጨውን ሆርሞን ለማጥራት ያን ያህል ይፈልጋል። ከአንድ ቀን ግን አይለፍ። "ተረጋጋሁ" ብሎ በ5 ደቂቃ የሚመለስ ሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ እዚያው ጠብ ውስጥ ነው። ሳምንት የቆየ ዕረፍት ደግሞ ስሙ ተለውጧል፤ ቂም ሆኗል።

በዕረፍቱ ውስጥ የምታደርጉት ከርዝመቱ ይበልጣል። ዋናው ጥፋት ነገሩን በሐሳብ መድገም ነው፤ "እንዲህ ስትለኝ እንዲህ ብላት ኖሮ" እያለ የሚራመድ ሰው ልቡ አይወርድም፤ አንድ ሰዓት ቢቆይም ታጥቆ ነው የሚመለሰው። የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት፤ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይመጣል፤ ለ5 ደቂቃ። ከዚያ በእግር መሄድ፣ ልብስ ማጠብ፣ ሽንኩርት መክተፍ፣ የሚጸልይ ይጸልይ።

የማይሠሩትን ደግሞ በግልጽ እንናገር፣ ምክንያቱም ከተማችን ውስጥ የተለመዱት እነሱ ናቸው። ጫት ዕረፍት አይደለም። አነቃቂ ነው፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ማታ እንቅልፍ ይነሳል። ተናዶ ወጥቶ ቅሞ የተመለሰ ሰው የበረደ ቢመስለውም ሰውነቱ ከሄደበት ሰዓት የባሰ ተነስቶ ነው የሚመጣው። ሁለት ቢራም አይሆንም፤ ምላስን ይፈታል እንጂ ልብን አያረጋጋም። ለእናት ወይም ለእህት ደውሎ መዘርገፍም እንዲሁ፤ እናንተ ነገ ትታረቃላችሁ፣ እናትህ ግን የሰማችውን ለ10 ዓመት ታስታውሳለች።

መጀመሪያ የሚመለሰው ዕረፍቱን የጠየቀው ሰው ነው። ይህ ሕግ ካልተከበረ ሌላው ሁሉ ይፈርሳል፤ ሁለተኛ ጊዜ "እመለሳለሁ" ሲባል የሚያምን አይኖርም። ሲመለስ ውይይቱ ተራ ይኑረው፤ ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ፣ በስልክ ሰዓት ተይዞ። አንዱ ሲናገር ሌላው መከላከያ አያቀርብም፤ የሚጠበቅበት የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ መናገር ብቻ ነው። ይህን ከውጭ መጽሐፍ መማር አያስፈልገንም። በሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ "አፊኒ" የሚባለው ይኸው ነው፤ "ሰማችሁ ወይ?" ማለት ነው። ጉዳዩ መሰማቱ ሳይረጋገጥ ወደ ፍርድ አይኬድም። ሸንጎ ላይ የምናከብረውን ሥርዓት በሁለት ሰው መካከል የማናከብርበት ምክንያት አይታየንም። ተናጋሪው ጨርሶ "ሰማኸኝ?" ይበል፤ ሰሚው ይድገም፤ ተናጋሪው "አዎ፣ ይኼ ነው" እስኪል ድረስ ተራው አይለወጥ። አብዛኛው ሰው በመጀመሪያው ሙከራ ግማሹን ስቶ ነው የሚደግመው።

ስለ አነጋገር ብዙ ተብሏል፤ እኛ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። አማርኛ ግሡ ላይ "አንተ"ን ስለሚያትም "እኔ ይሰማኛል" በሉ የሚለው የተለመደ ምክር ብቻውን አይበቃም። "አንተ እንደማታከብረኝ ይሰማኛል" አሁንም ክስ ነው። የሚሠራው ቀንና ድርጊት መጥራት ነው፦ "ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት ደውዬ ሳይነሳ ሲቀር አደጋ መስሎኝ ፈራሁ። ስታመሽ አንድ መልእክት ጻፍልኝ።" የታየ ነገር፣ የተሰማኝ ነገር፣ ሊደረግ የሚችል ትንሽ ጥያቄ። "ሁልጊዜ" እና "መቼም" የሚሉት ቃላት ሲገቡ ክርክሩ ስለ ማክሰኞ መሆኑ ቀርቶ ስለ ሰውየው ጠቅላላ ዘር ይሆናል።

ይቅርታ ላይ የሚበላሸው "ካስቀየምኩሽ" የምትለዋ "ካ" ናት። ጥፋቱን ጥርጣሬ ውስጥ ትከተዋለች። ሌላዋ "ግን" ናት፤ ከ"ይቅርታ" በኋላ ስትመጣ የፊቱን ትሰርዛለች። ሙሉ ይቅርታ ያደረግኩትን በስሙ ይጠራል፣ ያደረሰውን ይናገራል፣ በሚቀጥለው ምን እንደምለውጥ ያስቀምጣል፦ "ወንድምሽ ፊት ስለ ደመወዝሽ ማውራቴ አሳፍሮሻል። ከእንግዲህ ስለ ገንዘብ ሰው ፊት አላነሳም። አፉ በይኝ።" አፉ የተባለው ሰው ወዲያውኑ አፉ የማለት ግዴታ የለበትም። "ሰምቻለሁ፣ እስከ ነገ ስጠኝ" ማለት ይችላል፤ ከዚያ ግን ነገ ማለት ነገ ይሁን።

ሁሉም መመለስ በቃል አይደለም። አኩርፎ የዋለ ሰው ማታ መሶብ ላይ ጉርሻ ሲዘረጋ እጁ ላይ ያለው እንጀራ ብቻ አይደለም። ጎትማን ከብዙ ዓመት ምልከታ በኋላ ያሰመረበት ነገር ይህ ነው፤ የሚያድነው የማስታረቂያው ማማር ሳይሆን ሌላው መቀበሉ ነው። ስለዚህ ጉርሻውን ተቀበሉ። መቀበል ጉዳዩ ተዘጋ ማለት እንዳልሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ብዙ ሰው ጉርሻ የሚመልሰው በልቼ ከዋጥኩ ተሸነፍኩ ብሎ ስለሚያስብ ነው። የጸኑ ጥንዶች በክርክር ውስጥ እንኳ ለአንድ ክፉ ነገር አምስት ያህል ደግ ነገር እንደሚያደርጉ ተለክቷል፤ ራስ መነቅነቅ፣ "እውነትሽን ነው" ማለት፣ ሻይ መቅዳት ሁሉ ይቆጠራል። ይህን የሰማ አንዳንድ ሰው ደብተር ይዞ መቁጠር ይጀምራል። አይቁጠር።

የጊዜ ምርጫ ሌላው ነገር ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ከተመረቀ ወዲህ በዚህ ከተማ በፈረቃ የሚሠራ ፍቅረኛ ወይም የትዳር ጓደኛ ያለው ሰው በርክቷል። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ተራውን ፊት እንደ ቁጣ ያነባል፤ ከማታ ፈረቃ የገባን ሰው በር ላይ ስለ ቤት ኪራይ መጠየቅ ጠብ መጥራት ነው። ከባድ ጉዳይ ከማታ 4 ሰዓት በኋላ አይነሳ፤ ከፈረቃ በኋላ እንቅልፍ ይቅደም። በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ለገንዘብና ለቤተሰብ ጉዳይ መድቡ፤ ዕቁቡ፣ ለወላጅ የሚላከው፣ የወሩ ኪራይ ያኔ ይነሳ። ብዙዎች ለዚህ የእሑድ ቡናን ይመርጣሉ፤ እኛ አንመክርም። ቡና ከተፈላ ጎረቤት ይጠራል፣ ጎረቤት ከመጣ አሽሙር ይጀመራል። በእግር መሄድ ይሻላል። ጎን ለጎን የሚሄድ ሰው ዓይን ለዓይን ስለማይፋጠጥ ከባዱን ነገር በቀላሉ ያወጣል። ፍቅር ሐይቅ የምንለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ጠዋት ጸጥ ያለ ነው፤ ማታ ግን ሐዋሳ ሁሉ እዚያ ስለሚገኝ በየ10 እርምጃው ሰላምታ ይበዛል።

በሩቅ ያሉ ጥንዶች፣ አንዱ ደቡብ አፍሪካ ወይም ዓረብ አገር ያለባቸው፣ ችግራቸው ስልኩ ነው። ጽሑፍ ድምፅ የለውም፤ "እሺ" የምትል አንዲት ቃል ሦስት ዓይነት ትነበባለች። ሕጉ አጭር ነው፤ ጠብ በጽሑፍ አይካሄድም። ሁለተኛው ክፉ መልእክት ሲመጣ "በድምፅ እናውራ፣ ማታ 3 ሰዓት" ብሎ ማቆም። "ማታ 3 ሰዓት" ስትሉም በማን አገር ሰዓት እንደሆነ ተናገሩ፤ ደቡብ አፍሪካ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ወደ ፊት። አንድ ሰዓት ያረፈደ ጥሪ ስንት ጠብ እንዳስነሳ አታምኑም። መልእክቱ መነበቡን አይቶ "አንብቦ ዝም አለ" ብሎ መደምደምም ይቅር፤ ሥራ ቦታ ላይ ሆኖ ያነበበ ሰው መመለስ ላይችል ይችላል።

ሽማግሌ ማስገባትን አንቃወምም፤ ንብረትና ዘመድ የነካ ጉዳይ ያለ እነሱ አይሄድም። የሚበላሸው በአንድ ቁጭታ ጉልበት አስሞ መጨረስ ሲፈለግ ነው። ጥንዶቹ ምን እንደጎዳቸው ሳይናገሩ ታርቀው ይሄዳሉ፤ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባለው ነው። ሽማግሌ የምትሆኑ ሁሉ ቢያንስ ሁለቱን ለየብቻ ስሙ። "ማን ነው ጥፋተኛው?" ከሚለው በፊት "ከዚህ በኋላ ምን ይሁንልሽ?" በሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላም ተመልሳችሁ ጠይቁ።

አሁን ደግሞ ከላይ የጻፍነው ሁሉ የማይሠራበትን ቦታ። ድብደባ፣ ማስፈራራት፣ በግድ የሚፈጸም ግንኙነት፣ ደመወዝ መንጠቅ፣ ስልክ መበርበርና ከቤተሰብ መነጠል ያለበት ቤት ውስጥ የልብ ምት መቁጠርም ሆነ ተራ መጠበቅ አይመከርም። ጥንዶቹን አብሮ አስቀምጦ ማወያየት ራሱ አደገኛ ነው፤ ቢሮ ውስጥ የተናገረችው ቤት ስትገባ ያስከፍላታል። ይህ የጽናት ጉድለት ሳይሆን ጥቃት ነው፤ ድብደባና ማስፈራራት ደግሞ በሕግ ወንጀል ነው። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ ብቻ ሳይሆን ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊትም ይሸፍናል። መሄጃው ፖሊስ ጣቢያ፣ ጤና ተቋምና የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ነው። የጉዳት ምልክት ሳይጠፋ የሐኪም ማስረጃ መያዝም ይበጃል።

አዘጋጅ ሆይ፣ ልመናችን ከዚህ ይነሳል። አንዲት አንባቢ ጽፋ ስትጠይቃችሁ "ቻይ" ከማለታችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ መልሳችሁ ላኩላት። የመጀመሪያው "ትፈሪዋለሽ?" የሚል ይሁን። መልሷ አዎ ከሆነ ደብዳቤዋን ገጹ ላይ አታውጡት፤ እሱም ጋዜጣ ያነባል፤ ከላይ የጠቀስናቸውን ቦታዎች ለእሷ ብቻ ጻፉላት። አይ ካለች ሁለተኛውን ጠይቋት፦ "ስትጣሉ መጀመሪያ የሚመለሰው ማነው፣ ስንት ሰዓትስ ይፈጅበታል?"

በጥንዶች ምክር ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች
ሐዋሳ